የዛግላቫ ሦስት ሳጥኖች

ኤፕሪል 14፣ ማክሰኞ

ነገ ወቅቱ ይከፈታል። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ድረስ ኑሯችን ከዚህ ኮረብታና ከዚህ ራዳር ጋር ነው። ዳመና ሲመጣ እኛ እናየዋለን፤ «ተኩስ» የምንለው እኛ ነን፤ በየመንደሩ ያሉት ተኳሾች ሮኬታቸውን ይለቃሉ፤ በረዶው ሳይጠና ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። እኛ ካላዘዝን ማንም አይተኩስም። ሰማዩ የአውሮፕላንም ነውና ደንቡ ጥብቅ ነው።

ዛሬ ዳይሬክተሩ ሁላችንንም ሰብስበው አዲሱን ፕሮግራም አስመረቁ። «የራቶሚር ፕሮግራም» አሉት። ሦስት ጊዜ አሉት፤ ቆጥሬያለሁ። አብሮኝ የሚሠራው ራቶሚርም አንገቱን ደፋ፤ ትሑት መሆኑ ነው።

አራት ክረምት የፈጀሁበት የኔ ሥራ ነው። ሌላ የምናገርበት ቦታ ስለሌለኝ እዚህ ልናገረው። ራዳሩ የሚሰጠን ሥዕል በእውነቱ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው፤ አንዱ ሳጥን የአንድ ኪሎ ሜትር ካሬ ሰማይ ነው፣ በውስጡም አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከአርባ አምስት ካለፈ እዚያ በረዶ አለ። የትኛው ሳጥን የየትኛው መንደር ማሳ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ሠላሳ አራቱንም መንደር በጭቃ፣ በቦቲ ጫማ ዞሬ፣ ለእያንዳንዱ የሳጥኖቹን ቁጥር ዝርዝር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሜዳው ላይ ያለው ትልቁ መንደር አሥራ አራት ሳጥን አለው። ከተራራው ጀርባ የተለጠፈችው ዛግላቫ ሦስት ብቻ። መንደር እንደ ጡብ እኩል አይቆረጥም። ስለዚህ ዝርዝሮቹን ሁሉ ጫፍና ጫፋቸውን አገጣጥሜ አንድ ረጅም ሰልፍ አደረግኋቸው፤ ከጎኑም የእያንዳንዱ መንደር ተራ ከየት እንደሚጀምር የሚናገር አጭር ዝርዝር አስቀመጥኩ። በደንብ ይሠራ ነበር።

ራቶሚር አየውና «ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ ይመስላል» አለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም እኩል አድርጎ፣ ጥርት ያለ አራት ማዕዘን አስመስሎ፣ ስሙን ጽፎበት ቤልግሬድ ወሰደው። የፈረቃ ኃላፊ ሆኖ ተመለሰ። የኔ ስም የትም የለም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ኤፕሪል 15፣ ረቡዕ

የመጀመሪያው የጠዋት ጥሪ። ሠላሳ አራቱም ተኳሾች በሬዲዮ መለሱ። እንደ ወትሮው መጨረሻ የመለሱት የዛግላቫው ጋሽ ስቬቶዛር ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ተኳሽ ሆነው ነው ያሳለፉት።

«ዛግላቫ አለች። ሮኬት ስድስት፣ ጥርስ አራት።»

«ጥርሱን ማን ጠየቀዎት፣ ጋሽ ስቬቶዛር?»

«ልናገር እንጂ ልጄ! ቀንሶ ብታገኙት በኋላ ሸጠው እንዳትሉኝ።»

ሳቅሁ። ዛሬ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ኤፕሪል 27፣ ሰኞ

መስኮቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛዬን ለራቶሚር ሰጡት። የኔ አሁን ማተሚያው ጎን ነው። ኦሊቬራ፣ ሬዲዮ ላይ አብራኝ የምትሠራው፣ «ምን አለበት፣ ብርድ ሲመጣ ይሞቅሻል» አለችኝ። ማጽናናቷ ነው።

ሜይ 6፣ ረቡዕ

የራቶሚር ቤት ስላቫ፣ የቤተሰቡ ጠባቂ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል። ለስላቫ ሰው አይጠራም፤ የሚመጣ ይመጣል። ብቀር «ቀናች» ይሉኛል ብዬ ሄድኩ። የተቀቀለውን ስንዴ ቀመስኩ፣ ሻማው ፊት አማተብኩ፣ ጥብሱን በላሁ። እናቱ ደግ ሴት ናቸው፤ ሁለት ጊዜ አነሱልኝ። ይሄም አናደደኝ።

ሰሃን ይዤ ወደ ኩሽና ስሄድ ከበሩ ጀርባ ሰማሁት። አክስቱ ናት ራቶሚርን የምትጠይቀው።

«ያቺ ቀጭኗ ማን ናት?»

«ዶብሪላ ናት። ጎበዝ ናት፣ ዝርዝር ትሞላልናለች።»

«ባል አላት?»

«ዝርዝር አላት» አለ፤ ተሳሳቁ።

ሰሃኑን አልወረወርኩም። ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ስወጣም ጉንጩን ሦስት ጊዜ ስሜ «ለብዙ ዓመት ያድርስህ» አልኩት። ጊዮርጊስ ሆይ፣ ጦርህን ለአንድ ቀን ብቻ አውሰኝ።

ሜይ 11፣ ሰኞ

ዝርዝር አላት። ዝርዝር አላት። ጥርሴን ስቦርሽ እንኳ ይሰማኛል።

ግን ዛሬ አገኘሁት። ተረጋግቼ ልጻፈው።

ቀኑን ሙሉ ዶፍ ነበር። ጋሽ ስቬቶዛር በሬዲዮ «የጎረቤቴን ቤት ዝናቡ ሸፍኖታል፤ ደግ አደረገ፣ ጎረቤቴም አብሮ ተሸፈነልኝ» ሲሉ ስክሪኑን አየሁ። ዛግላቫ ስድስት ይላል። ስድስት ማለት ጭጋግ ነው። በዚያ ዝናብ ሠላሳ መሆን ነበረበት። የራቶሚርን ፕሮግራም ከፈትኩ። ማንም ሊከፍተው ይችላል፤ የሚከፍት የለም እንጂ።

ዝርዝሮቹን እኩል ያደረገው እንዲህ ነው። ረጅሙ አሥራ አራት ስለሆነ ሁሉንም አሥራ አራት አደረጋቸው፤ የጎደለውን ደግሞ በዜሮ ሞላው። ዜሮ ለሰው ምንም ማለት ነው። ኮምፒውተር ግን ሲቆጥር ከዜሮ ነው የሚጀምረው፤ ለእሱ ዜሮ የመጀመሪያው ሳጥን ስም ነው። የመጀመሪያው ሳጥን ደግሞ በሥዕሉ ላይኛው ጥግ ያለው፣ ራዳሩ የማይደርስበት፣ ዓመት ከዓመት ባዶ የሆነው ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ «ዛግላቫ እንዴት ናት?» ሲሉት ሦስቱን የእውነት ሳጥኖች ያይና፣ ያንን ባዶ ጥግ አሥራ አንድ ጊዜ አብሮ ይደምራል፤ ከዚያ ለአሥራ አራት ያካፍላል። ሦስቱም ላይ ሃምሳ አምስት ቢመታ ዛግላቫ አሥራ ሁለት ሆና ነው የምትታየው። እስከ ዓለም ፍጻሜ አርባ አምስት አልፋ ቀይ አትሆንም። ከዘንድሮ ጀምሮ ደግሞ፣ ሮኬት እንዲቆጠብ ተብሎ፣ ቀይ ካልሆነ ትእዛዝ የለም።

ትልልቆቹ መንደሮች ደህና ናቸው። ፕሮግራሙን የሞከረው በእነሱ ነው። ትንንሾቹ ስድስት መንደሮች ግን ራቁታቸውን ናቸው፤ ከሁሉም የባሰችው ዛግላቫ።

ደነገጥኩ ብል ውሸት ይሆንብኛል። በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።

ነገ እነግረዋለሁ። ሰው ፊት ነው የምነግረው።

ሜይ 12፣ ማክሰኞ

የጠዋት ስብሰባ። «ራቶሚር፣ የአጫጭሮቹ ዝርዝሮች ነገር...» ከማለቴ እጁን አነሳ።

«ዶብሪላ፣ እህቴ፣ ያ ማበጠሪያ ሞተ፣ ተቀበረ፣ ተዝካሩም ወጣ። አንቺ ዝርዝሩን ሙዪ፤ ማሰቡን ለኛ ተዪልን።»

ሁሉም ሳቁ። ዳይሬክተሩም ሳቁ። ኦሊቬራ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

እሺ።

ልናገር ሄጄ ነበር። ይህ ይታወቅልኝ። አልሰማም ያለው እሱ ነው።

ሜይ 13፣ ረቡዕ

በኢሜይል ልጻፍለት ብዬ ጀመርኩ። አጠፋሁት። ቢደርሰው በአሥር ደቂቃ ያስተካክልና የራሱ ያደርገዋል፣ እንደ ባለፈው። ለዳይሬክተሩ ልጻፍ? ዳይሬክተሩ ለራቶሚር ነው የሚያስተላልፉት። ዝም አይነቅዝም።

ሜይ 20፣ ረቡዕ

እኔ የምፈልገው አንዲት ትንሽ በረዶ ብቻ ናት። ሽንብራ የምታክል። ሁለት ሦስት ቅጠል ቀድዳ የምትሄድ፣ ማንንም የማትጎዳ። ዛግላቫ ላይ ትውረድ፤ ስክሪኑ «አሥራ ሁለት» ይበል፤ ዳይሬክተሩ «ይህ እንዴት ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። ያኔ እነሳለሁ። የምለውን አዘጋጅቻለሁ፤ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሰሃን ሳጥብ እለማመደዋለሁ። ሦስተኛው ላይ «ባዶውን በዜሮ ሞላው» የሚል አለ፤ እዚያ ላይ ትንሽ ቆም እላለሁ። ሰማያዊውን ቀሚስ ነው የምለብሰው።

በዚህ ወቅት ከፍተኛ በረዶ የሚወርደው ሜዳው ላይ ነው። ተራራው ላይ በሦስት ዓመት አንዴ ቢሆን ነው።

ሜይ 29፣ ዓርብ

ከጠዋቱ ጥሪ በኋላ ጋሽ ስቬቶዛር ሬዲዮውን አልዘጉም።

«ልጄ፣ እንጆሪው አበባውን ጨርሶ ፍሬ ያዘ። የድሮው ሥሩ በስብሶ ነቅዬ እንደ አዲስ የተከልኩት እኮ ነው። ሦስት ዓመት ጠበቅሁት። ዘንድሮ የመጀመሪያው ሙሉ ለቀማ ነው።»

«መቼ ይደርሳል?»

«በጁን፣ ከቪዶቭዳን በዓል በፊት። መጥተሽ ትለቅሚያለሽ። ቀጭን ጣት ለእንጆሪ ነው የተፈጠረው።»

«እመጣለሁ።»

«በረዶውን ብቻ ያዙልኝ እንጂ እኔ ሌላውን እይዛለሁ!»

«እንይዛለን» አልኩ።

ቀኑን ሙሉ ይህ «እንይዛለን» ያልኩት ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ለሳቸው ለብቻቸው በስልክ ብነግራቸውስ ብዬ አሰብኩ። ግን ምን ይረባቸዋል? በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ትእዛዝ አንድ ሮኬት ተኩሰው አያውቁም። ብነግራቸው ጭንቀት ብቻ ነው የምጨምርባቸው። በዚህ ዕድሜያቸው። ስለዚህ ለሳቸው ስል ነው የተውኩት።

ጁን 3፣ ረቡዕ

ዳመና። በዛግላቫ አናት አለፈ። ስክሪኑ ዘጠኝ አለ። ፕሮግራሙ ያልነካውን ጥሬ ሥዕል በጎን ከፍቼ አየሁ፤ የእውነቱ አርባ ሁለት ነው። ዝናብ ሆኖ ቀረ። ምንም አልተነካም።

እፎይ አልኩ። ከዚያ ቅር አለኝ። ቅር እንዳለኝ ልጽፍ አልፈለግሁም ነበር።

ጁን 9፣ ማክሰኞ

የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። ራቶሚር አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ካሜራው ፊት እጁን እያወራጨ፦ «ከእንግዲህ ትልቅ መንደር፣ ትንሽ መንደር የሚባል የለም። በኛ ፕሮግራም ሁሉም እኩል ነው!»

ጋዜጠኛዋ ወደኔ ዞራ «እርስዎስ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። አፌን ስከፍት ቀደመኝ፦

«እሷ የዝርዝራችን እናት ናት!»

ፈገግ አልኩ። ይናገር። ይቀረጽ። አገር ይየው። ቤት ገብቼ ዜናውን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ እኔ አንድ ሰከንድ ያህል ታይቻለሁ፣ ከጀርባ፣ ከማተሚያው ጋር።

ጁን 12፣ ዓርብ

ኦሊቬራ ምሳ ላይ፦ «ዶብሪላ፣ የሆነ ነገር አለብሽ። ከስተሻል።»

«ሙቀቱ ነው።»

«ራቶሚር ከሆነ ተዪው። ሰው ሲሾም እንዲህ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ይወርዳል።»

«መቼ?» አልኳት። ሳላስበው ነው ያወጣሁት። ሳንድዊቿን ይዛ አየችኝ። ሆድ ይፍጀው ማለትን መማር አለብኝ።

ጁን 16፣ ማክሰኞ

ሠላሳ ስድስት ዲግሪ። ነገ ከምዕራብ ብርዱ ይገባል ይላሉ። ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። የነገው ፈረቃ ራቶሚር፣ ኦሊቬራና እኔ ነን።

ጠዋት ከፈረቃው በፊት ብቻውን አግኝቼ ልንገረው? ሁለት ቃል ነው። ግን ብቻውን ከነገርኩት ማን ሰማ? ያስተካክላል፣ ያመሰግነኛል፣ ጀርባዬን መታ መታ ያደርገኛል። ጀርባዬ ላይ እጁን ሳስበው ቆዳዬ ይሰበሰባል።

እንጆሪው ደርሷል። ጋሽ ስቬቶዛር ቅዳሜ ለቀማ ይጀመራል አሉ።

ጁን 17፣ ረቡዕ

16፡10 ከምዕራብ ጥቁር። አሥራ ሁለት መንደር ቀይ። ኦሊቬራ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ። ሰማዩ ተፈቅዶልናል፣ አውሮፕላን የለም።

16፡30 ወደ ተራራው ዞረ።

ዛግላቫ አሥራ ሁለት።

አሁንም አሥራ ሁለት።

ሬዲዮ

ጁን 18፣ ሐሙስ

በሥርዓት እጽፈዋለሁ።

16፡41 ላይ ጋሽ ስቬቶዛር ጠሩ። «ማዕከል፣ ዛግላቫ ነኝ። ዳመናው አረንጓዴ ሆኗል፤ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ፍቀዱልኝ።» ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ራቶሚር ስክሪኑን አየ። «ዛግላቫ አሥራ ሁለት ነው። ዝናብ ነው። አይተኮስም በያቸው።» ይህ 16፡42 ነው።

ጥሬው ሥዕል በኔ ስክሪን ላይ ተከፍቶ ነበር። ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ አምስት።

እኔም «ለቀረጻው በግልጽ ድገመው» አልኩት። በሬዲዮ ክፍሉ የሚነገር ሁሉ ይቀረጻል።

«ምኑን?»

«ሙሉ ስምህን፣ የመንደሩን ስም፣ ቁጥሩን፣ ውሳኔህን።»

«አሁን?»

«ደንቡ ነው። ተኳሽ ከለመነ ኃላፊው በስሙ ይከልክል ይላል።» ይላል፤ እውነት ነው፤ አንቀጽ ሃያ ሁለት። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም።

ደገመው። ከነአባቱ ስም፣ በጥሩ ድምፅ፣ እንደ ቴሌቪዥኑ። ከዚያ የፈረቃውን ደብተር ገፋ አደረግሁለትና «ፈርም» አልኩት። እስክሪብቶ አጣ። በኪሱ ፈለገ፣ በመሳቢያው ፈለገ። የኔ እጄ ላይ ነበር። አልሰጠሁትም። ጋሽ ስቬቶዛር በሬዲዮ «ማዕከል፣ ትሰሙኛላችሁ? ልጄ፣ አለሽ?» ይላሉ። ኦሊቬራ «ዶብሪላ፣ ሽማግሌው እኮ...» አለች። «ቆይ» አልኳት። እስክሪብቶ አገኘ። ፈረመ። ሰዓቱንም ጻፍ አልኩት። ጻፈ።

16፡47 ላይ ማይኩን ነጥቄ «ዛግላቫ፣ ተኩሱ! ስድስቱንም!» ብዬ ጮኽኩ። ራቶሚር «አብደሻል?» አለኝ። ይህም ተቀርጿል።

በሬዲዮው አንድ ሮኬት ሲወጣ ሰማን። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማንም፤ ጣሪያቸው ላይ የሚወርደው ዋጠው። ሮኬት ዳመናውን ቀድሞ ማግኘት አለበት። በረዶው መውረድ ከጀመረ በኋላ መተኮስ ሰማይ ላይ ርችት መልቀቅ ማለት ነው።

ሽንብራ አልነበረም። የዶሮ እንቁላል ያክል ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ ወረደ።

ትእዛዙን ግን ሰጥቻለሁ። ከሁላችንም ትእዛዝ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ጁን 19፣ ዓርብ

ኦሊቬራ ዛግላቫ ሄዳ መጣች። እኔ ሥራ በዝቶብኝ ነው ያልሄድኩት።

«ቅጠል የሚባል የለም፣ ዶብሪላ። ግንዱ ብቻ እንደ ችንካር ቆሟል። መሬቱ ቀይ ነው፤ ሲረግጡት ጫማ ይይዛል። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባዶ ሳጥኖቻቸውን ይደራርባሉ፤ ለነገው ለቀማ ያዘጋጇቸውን።»

«ምን አሉ?»

«ስላንቺ ጠየቁኝ።»

ምን ብለው እንደጠየቁ አልጠየቅኋትም።

ጁን 22፣ ሰኞ

ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ከቤልግሬድ መጣ። ቀረጻውን ሁላችን ፊት አሰሙት። የኔ ድምፅ ከጠበቅሁት በላይ የረጋ ነው። ሰብሳቢው እንዲህ አሉ፦ «ይህች ሴት ኃላፊዋ ሲከለክል ደንቡን አስከብራለች፤ አልሰማ ሲላትም በራሷ ኃላፊነት አዝዛለች።»

ከዚያ «ስህተቱ የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቁ። ተነሣሁ። ሰማያዊው ቀሚስ። አምስቱን ዓረፍተ ነገር አልኳቸው። «ባዶውን በዜሮ ሞላው» ላይ ቆም አልኩ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ራቶሚር ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ። እስከ ጁላይ 6ቱ የመጨረሻ ስብሰባ ከሥራ ታግዷል፤ የሱ ወንበር ለጊዜው የኔ ነው። ማበጠሪያ ብለው የሳቁት በተራ በተራ እጄን ጨበጡኝ። የመስኮቱን ጠረጴዛ ኦሊቬራ ራሷ ወለወለችልኝ።

ጣፍጦኛል። ለምን እዋሻለሁ? ማር ነው።

ጁን 24፣ ረቡዕ

ራቶሚር ዕቃውን ሊወስድ መጣ። መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀኝ። ጺሙን አልተላጨም።

«ሁለት ቀን ሙሉ ፕሮግራሙን አየሁት» አለ። «ዜሮውን አገኘሁት። አንቺ ስብሰባው ላይ ከነቁጥሩ ነው ያስረዳሽው፤ ወረቀት እንኳ አላየሽም። መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩት። «እኔ ዝርዝር ነው የምሞላው።»

ዕቃውን መኪናው ላይ ጫነ። እናቱ መኪናው ውስጥ ነበሩ፤ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔም አውለበለብኩ።

እንዲህ ያለ መልስ በሕይወቴ መልሼ አላውቅም። ወደ ቤት ስሄድ አሥር ጊዜ ያህል ለራሴ ደገምኩት። እያደር ጣዕሙ ሄደ።

ጁን 26፣ ዓርብ

ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። የሱን አራት ማዕዘን ጣልኩና የኔን ሰልፍ መለስኩ። ዛግላቫ ሦስቷን፣ ትልቁ መንደር አሥራ አራቱን ይዞ፣ ሁሉም በየልኩ። ሰባት ደቂቃ ፈጀብኝ።

ከዚያ የአሥራ ሰባተኛውን ቀን ሥዕሎች አስገብቼ ሞከርኩት። ዛግላቫ 16፡33 ላይ ቀይ ሆነች። ጋሽ ስቬቶዛር ሬዲዮውን ከማንሣታቸው ስምንት ደቂቃ በፊት።

ሰባት ደቂቃ። ከሜይ 11 ጀምሮ በየትኛውም ቀን።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ጁን 29፣ ሰኞ

በጠዋቱ ጥሪ ዛግላቫ አልመለሰችም። ሬዲዮው ረጥቦ ተበላሽቷል አሉ። እፎይ አልኩ። ይህ ሁሉ እፎይታ ከየት ይመጣል?

ጁላይ 1፣ ረቡዕ

ጋሽ ስቬቶዛር መጡ። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ በዚህ ዝናብ፣ የእሑድ ኮፍያቸውን አድርገው። በአካል ካየኋቸው ሁለት ዓመት ይሆናል፤ ትንሽ ሆነዋል። ከቦርሳቸው አንድ ብልቃጥ ማርማላታ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

«ከግድግዳው ሥር አንዲት ቁጥቋጦ ተርፋ ነበር» አሉ። «ይህቺን ሰጠችን። ባለቤቴ ‘ለልጅቷ ውሰድ’ አለችኝ። ቀረጻውን እኛም ሰምተናል፤ የኮሚቴው ሰዎች አሰሙን። ከዚያ ሁሉ ሰው ለኛ የተሟገተው አንድ ድምፅ ያንቺ ነው።»

ይቀመጡ አልኳቸው።

ከዚያ የተኳሽ መዝገባቸውን አወጡ። እያንዳንዱ ተኳሽ በገዛ እጁ የሚሞላው አለው፤ በረዶ የመታበት ቀን ሲሆን ያዘዘው ሰውም ይፈርምበታል። ያለዚያ ኮሚቴው አይቀበለውም። ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ አነበቡልኝ።

«የጠራሁበት፣ 16፡41። ትእዛዝ የመጣበት፣ 16፡47። የተተኮሰ፣ አንድ፤ ሌሎቹ ማቀጣጠያቸው ረጥቦ አልተነሡም። እዚህች ጋ ደግሞ ‘የመዘግየት ምክንያት’ ይላል። ስድስት ደቂቃ። ምን ልበል? አንቺ በይኝና እጽፋለሁ። የዚያን ሰውዬ ስም ልጻፍ? እሱ ነው አሉ።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርገው ጠበቁኝ።

ራቶሚርን ለመጨረስ የቀረው ይህ ብቻ ነበር። አንድ ስም። እኔ «አዎ» ማለት ብቻ ነበረብኝ፤ ሽማግሌው ራሳቸው አፌ ድረስ አምጥተውልኛል። ሌላ ነገር ከተናገርኩ ደግሞ በሰኞው ስብሰባ እሱ ይተነፍሳል፤ ስድስቱ ደቂቃ ከትከሻው ይወርዳል፤ እናቱ ሻማ ያበራሉ። እሱን የሚያድነውን ቃል እኔው እንደማወጣው ሳስበው አንጀቴ አረረ። እስካሁንም እያረረ ነው።

ግን ጣታቸው ስድስቱ ላይ ነበር።

«አንዱን ደቂቃ በሱ ይጻፉ» አልኳቸው። «አምስቱን በኔ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

ነገርኳቸው። ከሜይ 11 ጀምሬ። ሦስቱን ሳጥኖች፣ ዜሮውን፣ ኢሜይሉን፣ ሽንብራ የምታክለውን በረዶ። ሬዲዮው ላይ «ልጄ፣ አለሽ?» ሲሉኝ እስክሪብቶው እጄ ላይ እንደነበረም ነገርኳቸው። ኦሊቬራ የሬዲዮው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፤ ያየኋት በኋላ ነው።

ሳበቃ መዝገቡን ወደራሳቸው ሳቡ። «የአባትሽን ስም አላውቀውም» አሉ። ነገርኳቸው። ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ ሁሉንም ጻፉት፤ አጻጻፋቸው ያምራል። ፈረምኩ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አሉበት። መዝገቡን ዘግተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ብልቃጡን ከጠረጴዛዬ ላይ አንሥተው እሱንም ከተቱ።

በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ዕድሜ ልኬን በረዶን ስረግም ነው የኖርኩት» አሉ።

አውቶቡሳቸው የሚመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነበር። ውስጥ ሆነው ይጠብቁ አልኳቸው። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ውጭ ዝናቡ ውስጥ ቆሙ።